ከሽንኩርቱ ሰውዬ ጎን

ሽንኩርት ከእጅ አይለቅም። በሎሚ እሹት፣ በአመድ እሹት፣ ከሮቢ ወንዝ አሸዋ ዘግናችሁ ቆዳችሁ እስኪቀላ ፈትጉት፤ ለጊዜው የጠፋ ይመስልና እጃችሁ ላብ ሲያወጣ ተመልሶ ይመጣል። እኔ ከጉርምስናዬ ጀምሮ ሽንኩርት ስተክል፣ ሳጠጣ፣ ስነቅል የኖርኩ ሰው ነኝ። ለራሴ አይሸተኝም። መሽተቴን የማውቀው ጎኔ በተቀመጠው ሰው ፊት ላይ ነው።

ደግሞስ እኛ አገር በመንቀያው ወራት የማይሸት ማን አለ? ሸዋ ሮቢት ከዳር እስከ ዳር ሽንኩርት ሽንኩርት ትላለች። አይሱዙው ኬሻ ለመጫን መንገድ ዳር ይሰለፋል፤ ባጃጁ ሰውና ኬሻ ደርቦ ይጭናል። ከደብረ ሲና ብርድ የወረደ መንገደኛ መስኮቱን ሲከፍት መጀመሪያ ሙቀቱ፣ ቀጥሎ ሽታችን ይቀበለዋል። ይህን የምጽፈው ግን ስለ ሽንኩርት ለማውራት አይደለም። መስጂድ ውስጥ ሰው ከሰው ጎን እንዴት እንደሚቀመጥ ልጽፍ ፈልጌ ነው። ሽንኩርቱ የገባው ሳልጠራው ነው። ፊደል የቆጠርኩት ካረጀሁ በኋላ ስለሆነ ነገሬ እንደ ውኃ ቦይ ወዲያና ወዲህ ቢል ታገሡኝ።

የድሮው መስጂዳችን የጭቃ ነበር። ክዳኑ ቆርቆሮ፣ ወለሉ ሰሌን፣ ውስጡ የእንጨት ምሰሶ የበዛበት። ቀትር ላይ ከውጭው ሐሩር ሲገቡበት ጨለማው ዓይን ላይ እንደ እርጥብ ጨርቅ ያርፍ ነበር። ቆርቆሮው በፀሐይ ሲሰፋ ቀጭ ቀጭ ይላል፤ ከሰላት በፊት የሚታጠቡበት የዉዱእ ውኃ ከማሰሮ ሲንጠባጠብ ይሰማል። ከዚያ ውጭ ድምፅ የለም። አሁን ሳስበው ሰው የማይመላለስበት ቤት የነበረ ይመስለኛል፤ ግን እኮ ሞልቶ ነበር። እንዲያ ጸጥ ብሎ የሚሞላ ቤት ዛሬ የለም።

ሥርዓቱን ያስተማሩን ቁርኣን የሚያስቀሩ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ድምፃቸውን ከፍ ሲያደርጉ ሰምቼ አላውቅም። ጫማህን ስታወልቅ የሰው ጫማ ላይ አትደርብ። ቀኝ እግርህን አስቀድም። ዘግይተህ ከመጣህ ሰዉ ያበቃበት ቦታ ተቀመጥ፤ የሰው አንገት እየተራመድክ ፊት አትሂድ። በሚሰግድ ሰው ፊት አትለፍ። ኢማሙ ሚንበሩ ላይ ቆሞ በኹጥባ ሲመክር አፍህን ያዝ፤ ጎንህ ያለው እያወራ ቢያስቸግርህ እንኳ «ዝም በል» አትበለው፤ ያም ንግግር ነውና ጁምዓህን ያበላሸዋል። ይህን ይሉና ምሰሶውን ተደግፈው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። የተኙ መስሎን ስንሾካሾክ ዓይናቸውን ሳይገልጡ «ወፎቹ መጡ መሰለኝ» ይሉ ነበር።

ወፍ ካነሳሁ ጓደኛዬን ላምጣው። እኩያዬ ነው፤ ሰሌኑ ላይም ጎን ለጎን ነው ያደግነው። እኔ ወደ ሽንኩርት ስሄድ እሱ ማሽላው ጋር ቀረ። ማሽላ ሲያሽት ማማ ላይ ወጥቶ ግሪሳ ወፍ ይጠብቃል። እንዲያ ያለ ዓይን አላየሁም። እኛ ሰማዩን ባዶ ስናይ እሱ በጀውሃ በኩል አንድ ነገር ታይቶት «መጣ!» ይላል። ቆይቶ ቆይቶ እንደ ጭስ ያለ ነገር ብቅ ይላል፤ ጭሱ ወደ እኛ ሲዞር ወፍ ይሆናል። ወንጭፉ ጯ ሲል መንጋው በአንድ ጊዜ እንደ ጨርቅ ይታጠፋል። ያን ጊዜ ከማማው ሥር ተጋድሜ ሳየው፣ ሰማዩን የሚያጥፈውና የሚዘረጋው እሱ ይመስለኝ ነበር።

ያ ዓይን ነው የጠፋው። እንደ አምፖል ድርግም አላለም፤ አቧራ ሲያርፍበት ዓመት ዓመት እያለ ሄደ። ሐኪም ዘንድ ወሰዱት፣ መለሱት። አንድ ቀን ፀሐይ ወጥታ ሳለ «ዛሬ ደመና ነው እንዴ?» አለኝ። «ትንሽ» አልኩት።

አዲሱ መስጂድ የተሠራው ዓይኑ ሊያልቅ ሲል ነው። ሁላችንም ድንጋይ ያቀበልንበት ነው፤ ሰፊ ነው፣ ብርሃን አለው፣ ምንጣፉ እግር ያሰምጣል። ምሰሶ ግን መሃሉ ላይ የለውም። አሮጌው ቤት ውስጥ ከምሰሶ ምሰሶ እየዳሰሰ ይሄድ የነበረ ሰው እዚህ ሲገባ ሜዳ ላይ እንደተለቀቀ ነው። አንድ ጊዜ ዉዱእ ማድረጊያው ጋ ያለው የወለል ሸክላ አንሸራቶት ወደቀ። አብራው የምትኖረው ልጁ መጣችና አነሳችው። ሰው ፊት ምንም አላለችም። እቤት ስትደርስ ግን «አባ፣ ሁለተኛ ከወደቁ ወይ መንገድ ስተው ሰው ከረገጡ፣ ከዚያ በኋላ እዚሁ ነው የሚሰግዱት። አላህ ቤትም ሆነው ይሰማዎታል» አለችው። ልጅቱ ክፉ አይደለችም፤ አጥንቱ ቢሰበር የምታስታምመው እሷው ናት።

ይህን ሲነግረኝ አጥሩ ሥር ተቀምጠን ነበር። «እውነቷን ነው፣ ቤትም ይሰማኛል» አለ። «እኔ ግን እቤት ሆኜ ማንን እሰማለሁ?»

ቤቱ የመስጂዱን አጥር ተደግፎ ነው ያለው። ስለዚህ በበትሩ አጥሩን እየነካካ በሩ ድረስ ለብቻው ይመጣል። ከበሩ በኋላ ደግሞ ምንጣፉን ቀስ እያለ አቋርጦ እኔ ዘንድ ይመጣና በግራዬ ቁጭ ብሎ ጉልበቱን ጉልበቴ ላይ ያስደግፋል። እንዴት እንደሚያገኘኝ ጠይቄው አላውቅም። ሁልጊዜ አንድ ቦታ ስለምቀመጥ ልማድ መስሎኝ ነበር።

እንግዲህ በመንቀያው ወራት በአንዱ ጁምዓ፣ እዚህ ከተማ ገብቶ የጨርቅ ሱቅ የከፈተ ወጣት ከፊቴ ባለው ሶፍ፣ በሰጋጆች ረድፍ፣ ተቀመጠ። ነጭ ጀለቢያ ለብሷል፤ ሲታይ ደስ ይላል። ገና ከመቀመጡ ዞር ብሎ አየኝ፣ የሻሹን ጫፍ ወደ አፍንጫው አመጣ፣ ከዚያ ተነስቶ ወደ ጥግ ሄደ። ሰላት አልቆ ጫማዬን ስፈልግ አጠገቤ መጣ።

«አሰላሙ ዐለይኩም አባባ።»

«ወዐለይኩሙ ሰላም።»

«አይቀየሙኝና አንድ ነገር ልንገርዎት?»

«ብቀየምም አትተወውም። በል።»

ሳቅ አለ። «ጥሬ ሽንኩርት የበላ ሰው ወደ መስጂድ እንዳይቀርብ የተባለውን ሐዲስ ሰምተውታል?»

«ሰምቼዋለሁ። አልበላሁም።»

«ይሸታሉ እኮ!»

«ነቅዬ ነዋ! ስለበላ እንጂ ስለነቀለ የተባለ አልሰማሁም። ወጥህ ውስጥ ሲገባ እጅህን ትልሳለህ፣ የነቀለው ሰው ጎንህ ሲመጣ ትሸሻለህ።»

«ወጥ ውስጥ ያለው እኮ በስሎ ነው፣ አባባ።»

ጫማውን የሚያጠልቅ አንድ ባለ ባጃጅ ከመሬት ቀና ብሎ «እሳቸውም ዕድሜያቸውን ሙሉ ፀሐይ ላይ ሲበስሉ ነው የኖሩት! ካሁን ወዲያ ምን እስኪሆኑ?» አለ። በሩ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ወጣቱም ሳቀ፤ እኔ አልሳቅሁም።

ኢማሙ ሳቁን ሰምተው መጡ። ከኔ በዕድሜ ያንሳሉ፤ ግን ሰው ሲናገር እስኪጨርስ የሚጠብቁ ሰው ናቸው። ሁለታችንንም ሰሙ። «ጋሼ፣ የተባለው ስለሚበላው ነው፤ አንቱ ልክ ነዎት» አሉ። «የተባለበት ምክንያት ግን ጎን ያለው እንዳይቸገር ነው፤ ወንድማችንም ልክ ነው።»

«ሁለታችንም ልክ ከሆንን የሚወጣው ማነው?»

«ማንም አይወጣም። ገላዎን ታጥበው፣ ልብስ ለውጠው፣ ትንሽ ሽቶ ነክተው ይምጡ።»

«ከማሳ ወደዚህ ስመጣ ልብስ የምለውጥበት ጊዜ ባገኝ እተኛበት ነበር፣ ሼኽ» አልኳቸው። «እኔ በረንዳው ላይ እሰግዳለሁ። ንፋሱ ሽታዬን ይዞት ይሂድ።»

ኢማሙ ሊመልሱኝ ሞከሩ። እኔ አንዴ ካልኩ አልኩ ነው።

በሚቀጥለው ጁምዓ በወንዙ በኩል ባለው በረንዳ፣ ኒሙ ዛፍ ሥር፣ ኬሻ አንጥፌ ተቀመጥኩ። እውነቱን ልናገርና ደስ አለኝ። የኒሙ ጥላ ኬሻው ላይ ይመላለሳል። ከሮቢ የሚመጣው ንፋስ ጀርባዬን እየዳሰሰ በመስኮቱ ወደ ውስጥ ይገባል። ከውስጥ የማራገቢያው ድምፅ ይሰማል፤ ዓይኔን ስጨፍን ያ ድምፅ ወንዝ ይሆንብኛል፣ ወንዙ ደግሞ ድሮ የሞላው ወንዝ። ሰሌኑ ሸተተኝ። ሽማግሌው ምሰሶአቸውን ተደግፈው ያሉ መሰለኝ። እዚያ ቤት ውስጥ ልጅ ሆኜ ተቀምጬ፣ እዚህ በረንዳ ላይ ሽማግሌ ሆኜ፣ ሁለቱም አንድ ቀትር ሆነብኝ። ስነቃ ጓደኛዬ በሩ ላይ ቆሞ ነበር።

በመስኮቱ በኩል አየዋለሁ። ምንጣፉ ጫፍ ላይ ቆመ። ሁልጊዜ እንደሚያደርገው አልገባም። ፊቱን ቀና አደረገና ወዲያ ወዲህ አለ፤ ማማ ላይ ሆኖ ሰማዩን ሲያይ እንደነበረው። ከዚያ ወደማይሄድበት ሄደ። የአንዱን ጉልበት ረገጠ። «ኧረ ቀስ!» አለ የተረገጠው። ይቅርታ ሲል የሌላው ትከሻ ላይ ተደገፈ። ኹጥባው አልቆ ኢማሙ ሰላቱን ሊጀምሩ ሲሉ ሰዉ ተነስቶ ተሰለፈ፤ እሱም ቆመ። ግን ፊቱ ወደ ቂብላ አልነበረም። ሰዉ ሁሉ ፊት ለፊት ሲያይ እሱ ጎኑን ሰጥቶ ወደ መስኮቱ፣ ወደ እኔ ነበር የቆመው። ጎኑ ያለው ሰው በትከሻው ይዞ አዞረው።

ሲወጣ ሰዎች ያወሩ ነበር። «እንግዲህ ልጁ ትያዘው» ያለም አለ። ሄጄ እጁን ያዝኩት።

«የት ነበርክ?» አለኝ።

«በረንዳ ላይ።»

«አመመህ?»

«ሸተትኩ።»

«አንተ መቼ ሳትሸት ታውቃለህ?» አለ።

«አሁን የነገረኝ ሰው ተገኘ።»

በበትሩ መሬቱን ጫር ጫር አደረገ። «ልጄ ይህን ከሰማች አለቀልኝ።»

ያኔ እልኼ ቀዘቀዘ። «የሚመጣው ጁምዓ ውስጥ ነኝ። ታጥቤ እመጣለሁ» አልኩት።

«ታጥበህ?» አለና ሌላ ነገር ሊጨምር አፉን ከፈተ። ሰላምታ የሚሰጡት ሰዎች መጡ፣ ወሬው እዚያው ቀረ።

ታጠብኩ ስላችሁ ታጠብኩ ነው። ማሳውን ለሠራተኞች ትቼ ከጠዋት ሮቢ ወረድኩ። ሎሚ ቆርጬ ጥፍሬን አሸሁ፣ ጸጉሬን አሸሁ። የታጠፈ ሸሚዝና አረንጓዴውን ሽርጤን ለበስኩ። ባለቤቴ ሐጅ የሄደ ዘመድ ያመጣውን ሽቶ ከሳጥን አውጥታ አንገቴን ቀባችኝ።

«ሙሽራው፣ ወዴት ነው?» አለች።

«ወደ መስጂድ።»

አንገቴን አሸተተችና ፊቷን ቅጭም አደረገች። «አንተን አልመሰልከኝም።»

ገና ሰው ሳይሞላ ደርሼ የዱሮ ቦታዬ ተቀመጥኩ። ጨርቅ ሻጩ መጣና ከኔ ኋላ ባለው ሶፍ ተቀመጠ፤ ጎንበስ ብሎ «አላህ ይስጥልኝ አባባ» አለኝ። ራሴን ነቀነቅኩ። ሰዉ ሞላ። ኢማሙ ሚንበሩ ላይ ወጡ፣ ኹጥባው ተጀመረ፣ ጓደኛዬ ግን የለም። ሙቀቱ ከበደ። የሽቶው ሽታ ራሴ ላይ ወጣ፤ የሌላ ሰው ልብስ ውስጥ የገባሁ መሰለኝ።

ከዚያ የበትሩን ድምፅ በሩ ላይ ሰማሁ። በትሩን አስቀመጠና ገባ። ቆመ። ፊቱን ቀና አደረገ። ከእኔ ብዙም አይርቅ፣ መሃላችን ሁለት ሰው ቢሆን ነው። «እዚህ ነኝ» ብለው ያበቃ ነበር። ግን ኹጥባ ነው፤ ያ ሽማግሌ ዕድሜዬን ሙሉ አፌን የያዙበት ሰዓት ነው። ሳልኩ። በመንቀያ ወራት አቧራ የማያስለው ሰው የለም፣ ግማሹ መስጂድ አብሮኝ ሳለ። እጄን ዘረጋሁ፤ እጅ አይታየውም። ተነስቼ እንዳልሄድ የሰው አንገት ልራመድ ነው።

አለፈኝ። በሰዎች መሃል እግሩን እየጎተተ፣ በቀስታ፣ ውኃ እንደሚሻገር ሰው ወደ ፊት ሄደ። ፊት ለፊት ትልቁ ማራገቢያ ቆሟል፣ ገመዱ ምንጣፉ ላይ ተዘርግቷል፣ ከዚያ ወዲያ የሚንበሩ ደረጃ ነው። ሰዉ ሁሉ ያያል፣ የሚናገር የለም። ከሴቶቹ መጋረጃ ወዲያ ልጁ እንዳለች አውቃለሁ። አሁን ቢወድቅ፣ ይህ የመጨረሻው ጁምዓ መሆኑን እኔና እሱ እናውቃለን።

እግሩ ገመዱ ጋ ሊደርስ ሲል ከኋላዬ ነጭ ነገር ብድግ አለ። ጨርቅ ሻጩ ነው። የሰዉን ጉልበት እየጠበቀ፣ አንድም ቃል ሳይናገር ሄዶ ክንዱን ያዘው። ጓደኛዬ ግን ክንዱን መነጨቀና ቆመ። ያልለመደው እጅ ነዋ! ከዚያ በዚያ ጸጥታ መሃል፣ ማማ ላይ ይጮህበት በነበረው ድምፁ፣

«የሽንኩርቱ ሰውዬ የት አለ?» አለ። «ሽታው ጠፋብኝ!»

መልሱን የሚያውቀው ሁሉ መናገር የማይችል ነበር። ያኔ ነው የገባኝ። ልማድ አይደለም፣ እርምጃዬን ቆጥሮም አይደለም። ከበሩ ጀምሮ ሽታዬን ተከትሎ ነበር የሚመጣው። በረንዳ ላይ ስሆን ፊቱን ወደ መስኮቱ ያዞረው ንፋሱ እኔን ይዞ ስለገባ ነበር። እኔ ደግሞ ዛሬ መንገዱን በሎሚ አጥቤ መጥቻለሁ።

ኢማሙ ኹጥባቸውን አቆሙ። ለእሳቸው መናገር ይፈቀዳል። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ጋሼ፣ አሉልዎት» አሉት። «ወንድሜ፣ ከእኚያ አረንጓዴ ሽርጥ ከለበሱት በግራ በኩል አስቀምጥልን።»

ጨርቅ ሻጩ ቀስ አድርጎ አመጣው፤ ሰዉ ጠጋ ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀ። ጓደኛዬ ተቀመጠ። ግን አላመነም። ሽቶዬ ሲደርሰው ወደዚያ ሸሸት አለ። እጄን ፈልጎ ያዘ፣ መዳፌን ደባበሰ፣ ወደ አፍንጫው አስጠጋ፣ ከአውራ ጣቴ ጥፍር ሥር አሸተተ። ከዚያ ረጅም ትንፋሽ አወጣና ጉልበቱን ጉልበቴ ላይ አስደገፈ። ኢማሙ ካቆሙበት ቀጠሉ።

ሰላት አልቆ ስንወጣ ልጁ በሴቶቹ በር በኩል ፈጥና መጣች። ፊቷን ሳይ ነገሩ ያለቀለት መሰለኝ። እሷ ግን አባቷን እንጂ እኔን አላየችም።

«አባ፣ እስከ ዛሬ በሽንኩርት ሽታ ነበር ቦታዎን የሚያገኙት?»

«አሮጌው መስጂድ ምሰሶ ነበረው» አላት። «እዚህ የለም። ምሰሶዬ ይሄ ነው» ብሎ በበትሩ እግሬን ነካ አደረገ። «የሚሸት ምሰሶ።»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ሰውየውን ይሸታል ብዬ ላማው?»

ሳቋን ልትይዝ ሞከረች፣ አልቻለችም። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች፤ ዓይኗ ግን እርጥብ ነበር። ቀጥሎ ወደ እኔ ዞረች። «ጋሼ፣ አንቱ ካሉ አባቴ ይመጣል፤ ከእንግዲህ ቤት ይዋል አልልም። እባክዎ ያን ሽቶ ግን ይተዉልኝ!»

ጨርቅ ሻጩ ኋላችን ቆሞ ይሰማል። «እኔስ?» አለ። «ለእኔ የሚያስብ ሰው የለም?»

«አንተ በእኔ ወዲያ ተቀመጥ» አለው ጓደኛዬ። «መሃል ሆኜ እከልልሃለሁ። እኔ ከሁለታችሁም እሰፋለሁ።»

እንዲያው በዚያው ጸና። ለጁምዓ የማስቀምጠው ሸሚዝ አለኝ፤ ማሳ አይወርድም። ገላዬን እታጠባለሁ፤ እጄን ግን ለዉዱእ በውኃ ብቻ ነው፣ ሎሚ የለም። ጨርቅ ሻጩ አሁንም የተባለበትን ምክንያት ይነግረኛል፣ እኔም አሁንም ስለነቀለ የተባለ የለም እለዋለሁ። ይህን የምንባባለው ጫማ ቦታው ላይ ነው፣ ውስጥ አይደለም። ጓደኛዬ ሲዘገይ ግን መጀመሪያ በሩን የሚያየው እሱ ነው፤ የጓደኛዬን ቦታ ሌላ ሰው ሊይዝ ሲል ጠጋ ብሎ በእጁ የሚያሳየውም እሱ ነው።

ሱጁድ ስንወርድ ሦስታችንም ዓይናችን የሚያየው የለም። ግንባራችን ምንጣፉ ላይ፣ መዳፌ ከጓደኛዬ ፊት አጠገብ ነው። ማራገቢያው ይነፍሳል፤ ወንዝ ይመስለኛል። ምንጣፉ ሰሌን ይሆናል፣ ከሩቅ ቆርቆሮ ቀጭ ቀጭ ይላል፣ በጀውሃ በኩል እንደ ጭስ ያለ ነገር ብቅ ብሎ ሰማዩ ላይ ይታጠፋል፣ ይዘረጋል። ኢማሙ ተክቢር ሲሉ ከዚያ ሁሉ ተነስቼ እቀመጣለሁ።

ሲያበቃ ጓደኛዬ ፊቱን ወደ ቀኝ አዙሮ «አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላህ» ይላል። ቀኙ እኔ ነኝ። ቀጥሎ ወደ ግራ ይዞራል፣ እዚያም ሰው አለ።